በቀኝና በግራ የሚቆሙት

የኔታ መደቡ ላይ በተነጠፈ የፍየል አጎዛ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አራት ተማሪዎች ተኮልኩለዋል። አንዱ በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያዜማል፤ ሦስቱ አንገታቸውን አስግገው መስመሩን በዓይናቸው ይከተላሉ። የኔታ መጽሐፍ አልያዙም። በጭራቸው ዝንብ ያባርራሉ፤ የሚያዩትም ከደጅ ያለውን የገብስ ማሳ ነው። ልጁ አንዲት ቃል ላይ ደርሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያልፍ ሲል ጭራው ቀጥ ይላል። ልጁም ቀጥ ይላል።

«ከላይ ያለውን እየው እስቲ፤ ምንድን ነው እሱ?»

«ርክርክ ነው የኔታ።»

«ታዲያ ምነው ደፋኸው?»

ልጁ ከመስመሩ ራስ ይጀምራል። አንድ ገጽ ላይ ሲመላለስ ሊውል ይችላል፤ የሚቸኩል ማንም የለም።

የዜማ ጉባኤ ቤት ውሎ እንዲህ ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም ግን ይህ ውሎ ሌላ ክብደት አለው። ቦታው የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ድጓን ሸዋ ተማረው ወሎ፣ ትግራይ ተማረው ጎጃም፣ «ጨረስኩ» የሚል ሰው እዚህ መጥቶ መጽሐፉን ከቤተ ልሔም መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ፣ ዜማውንም በመምህሩ ፊት አሰምቶ መመስከር ይጠበቅበታል። ጎንደር በዓታ የአቋቋም፣ እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ እንደሆኑት ሁሉ የድጓው ማኅተም ያለው ቤተ ልሔም ነው። አጫብር፣ ቆማና ተጉለት የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፤ በአገሩ የተንሰራፋው ግን የቤተ ልሔም ነው።

ስለ ቤተ ልሔም በተጻፈ ቁጥር የሚነሣው የቅዱስ ያሬድ ስም፣ የመጽሐፉ ጥንታዊነትና የመምህራኑ ሊቅነት ነው። ይገባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ሰው ነው፤ መምህር ያልሆነው፣ መሪም ያልሆነው፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ተምሮ በማኅሌት ሰልፍ ውስጥ በቀኝ ወይ በግራ የሚቆመው። ቤቱን ያቆመው እሱ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ስሙን የጻፈለት የለም።

ጋይንት ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ ወዲያ ያለ አገር ነው። ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫን፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ስማዳና እስቴ ይጎራበቷቸዋል። ደጋው ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ መሬቱ ይሳሳል፣ ዝናቡም አይታመንም። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው፣ አገሬው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ነፋስ መውጫ ላይ ያልፋል። ከዚያ መንገድ ርቆ ለሚጓዝ ተማሪ መጓጓዣው እግሩ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ለማያውቀው እንግዳ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አገራችንን የጎበኘው ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ፈረንጅ ከውጭ ያየው በሣር የተከደነ፣ በየገጠሩ እንደሚታየው ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በዚያ ክብ ሥር ተሸሽጎ የቆመ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ የመካከለኛው ዘመን አራት ማዕዘን ሕንፃ አገኘ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለዓለም አወጀ። ፈረንጆቹ «ግኝት» ይሉታል፤ ድጓ ተማሪው ግን ያንን ድንጋይ ተደግፎ ሲያዜም ስንት መቶ ዓመቱ ነበር!

ታሪኩን ለመንካት ያህል፣ ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን አክሱም የነበረው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው። የጋይንት ሰው ያሬድ ወደዚህም እንደመጣና ዝማሬን ዙር አምባ ላይ እንደደረሰ ይተርካል። ከሺህ ዓመት በኋላ በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱ ሲቃጠሉ መጻሕፍቱም አብረው ነደዱ። ከዚያ ጥፋት የተረፈው ድጓ የተገኘው ቤተ ልሔም ነው ይባላል፤ የማስመስከሪያነቱ ክብርም ከዚያ የመጣ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት ሠሩ። ለምን በዚያን ጊዜ? ለእኔ መልሱ ጦርነቱ ራሱ ነው። ዜማው በልብ ብቻ ከኖረ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው ሞቷል።

ምልክቶቹ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ ናቸው፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ 10 ይሆናሉ። ከእነዚህ ሌላ ከንባቡ በላይ በደቃቃው የሚጻፉ ፊደላት አሉ። አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይጻፍና አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ይወክላል። ተማሪው ያንን ሐረግ አስቀድሞ በቃሉ ካልያዘው ፊደሉን ቢያፈጥበት አይናገርም። ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላልና ያው ምልክት በየቤቱ መንገዱ ይለያያል። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይና ፒተር ጄፈሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ሥርዓት አጥንተው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ያንን ሦስት ቅጽ አንብቦ ማኅሌት የሚቆም ሰው አይገኝም። መጽሐፉ የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ የማያውቀውን የሚያስተምረው ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ያ ሌላ ሰው የሚሠራው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ሲያበቃ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ሳይሰናበት ነው። አባት ልጁን ለእርሻና ለከብት ይፈልገዋል፤ እናት ደግሞ ከዓይኗ እንዳይርቅ። ስለዚህ ልጁ አንድ ሌሊት ከባልንጀራው ጋር ይጠፋል። ርቆ የሄደ ይማራል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ የቀረበን ልጅ ዘመድ ለአጨዳ ይጠራዋል፣ ለሠርግ ይጠራዋል፣ ለለቅሶ ይጠራዋል። በደረሰበት ጉባኤ ቤት ከነባሮቹ ጋር ጎጆ ይጠጋል፤ ወይም እንጨት ለቅሞ፣ ሣር አጭዶ የራሱን ይቀልሳል። ጎጆዋ ሁለት ሦስት ሰው ተጣጥፎ የሚያድርባት፣ ቀና ብሎ የማይቆምባት ናት።

መጀመሪያ ጾመ ድጓና ምዕራፍ ይመጣሉ፤ ከዚያ ድጓው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ሁሉ ይዞ ከመስከረም 1 ይነሣል፤ ዮሐንስ፣ አስተምህሮ፣ ፋሲካ እየተባለም በየክፍሉ ይሄዳል። ዋዜማው፣ ምልጣኑ፣ እስመ ለዓለሙ፣ አርያሙ፣ ሰላሙ እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው። ቀን በመጽሐፍ የቀጸለውን ማታ በጨለማ በቃሉ ይመላለስበታል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ የሚሰሙት የተጣራውን ነው። እንግዲህ በዚህ መሐል ልጁ ጎረምሳ ይሆናል፣ ድምፁም ይሰበራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቀናው አራራይ አንድ ቀን ጠዋት ጉሮሮው ውስጥ የለም። ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ የሚመለሰው ብዙው በዚህ ጊዜ ነው፤ የቀረው በአዲሱ ድምፁ እንደገና ይጀምራል።

ምግቡ ልመና ነው። ረፋድ ላይ ትምህርቱ ሲበተን ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ መንደር ይወርዳል። ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይደርሳል፤ ዱላው ወደ መሬት ይዘረጋል፤ ውሻው ዱላውን ሲናከስ የቤቷ እመቤት ትወጣለች። የእንጀራ ቁራሽ፣ ካልሆነም እፍኝ ቆሎ ወይ ባቄላ አኩፋዳው ውስጥ ትጥላለች። አንዳንዷ «እግዜር ይስጥልኝ በል እንጂ» ትለዋለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ያልመጣውን ልጅ ትጠይቃለች፤ «ያ ቀጭኑ ምን ሆነ?» ትላለች። የየቤቱ ቁራሽ አንድ ላይ ይሆንና ጎጆ ውስጥ ይበላል፤ የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ለየኔታ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መስበር፣ በክረምትም ጓሯቸውን ማረም አለ። ይህ ሁሉ የትምህርት ክፍያ መሆኑ ነው፤ የኔታ ሌላ አይጠይቁም።

ከዚያ መጽሐፉ። በቀደመው ሥርዓት ድጓ ያልጻፈ ድጓ አልጨረሰም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ለምኖም ሠርቶም ያጠራቅማል፤ ይዘፈዝፋል፤ በእንጨት ወጥሮ ጠጉሩንና ሥጋውን በስለት ይፍቃል፤ በድንጋይ ያለሰልሳል። ሲደርቅ በወስፌ ነጥቦ መስመር ያሰምራል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከቅጠል ያፈላል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ነው። ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል። የድጓ ጽሕፈት ከሌላው የሚከብደው በሁለት መስመር መካከል ለምልክቱ ቦታ መተው ስላለበት ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ምልክቱ ከደቃቅም ደቃቅ። ዳዊት ሲጻፍ አንድ ፊደል ቢያመልጥ አንባቢ ያርመዋል። በድጓ አንድ ጭረት ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ግን ከዚያ መጽሐፍ የሚማር ሁሉ ተሳስቶ ይኖራል። ማስመስከር ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የኔታ የሚያቃኑት የልጁን ጉሮሮ ብቻ ሳይሆን ነገ የሚያስተምርበትን መጽሐፍም ነው። ዛሬ ድጓው በትንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤት ታትሟል፤ ብዙው ተማሪም በወረቀት ይጽፋል፤ ስልክ ያለው የየኔታን ድምፅ ይቀዳል። ትምህርቱ በዚህ ቀሏል የሚል ሰው አለ። የተሰማውን ደጋግሞ ለመስማት ቀሏል፤ ለመታረም ግን አሁንም የየኔታ ጆሮ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሰልፉ። የዓመት በዓል ማኅሌት ሌሊቱን ተይዞ እስከ ቅዳሴ ይቆማል። ካህናቱ በቀኝና በግራ ሁለት ረድፍ ሠርተው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታ አንዱን፣ ግራ ጌታ ሌላውን ረድፍ ይይዛሉ፤ መሪጌታው ይመራል። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ እየተዘመመ፤ ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ይገቡና መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ ወረቡ ይከተላል። ከበሮ መቺዎቹ ጠፍሩን አንገታቸው ላይ አጥልቀው በሁለቱ ረድፍ መካከል ይመላለሳሉ፤ ከበሮው ከባድ ነው፣ ለሽማግሌ አይሰጥም። የደብረ ታቦሩ የተክሌ አቋቋም ደግሞ ገላን ከወዲያ ወዲህ የሚያወዛውዝ ስለሆነ የወገብ ጥንካሬ ይጠይቃል። ይህን ስልት የፈጠሩት በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የጎንደር ካህናት አንቀበልም ብለው መለሷቸውና ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ ተከለው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አባት ፈጥሮ በልጅ ስም መጠራቱ ራሱ ሌላ ቀልድ ነው።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ የቆመው ሰው ሥራ ጎልቶ አለመሰማት ነው። ድምፁ ከወገኑ ድምፅ ጋር መግጠም፣ መቋሚያው ከወገኑ መቋሚያ ጋር መውረድ አለበት። ጎልቶ ከተሰማ አጥፍቷል። የመሪጌታው ዓይን የሚያርፍበት ሲስት ብቻ ነው።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ሩቅ አገር ያለ ሌላ ሰልፈኛ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱት የእነሱ እግር ኳስ፣ ኳሱ ሞላላ የሆነው፣ ከአንድ ወገን 11 ሰው ያሰልፋል። ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ ግዙፎች ከፊት በመስመር ይቆማሉ፦ መሐል ላይ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው፣ በቀኝና በግራው ሁለት ጠባቂዎች፣ ከእነሱም ወጣ ብለው ሁለት ሌሎች። ሥራቸው ኳስ የሚወረውረውንና የሚሮጠውን ባልንጀራቸውን ከሚመጣበት ሰው መጋረድ ነው። ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል ሕጉ ይከለክላቸዋል። ጎል አይቆጠርላቸውም፣ ሩጫ አይቆጠርላቸውም። በድምፅ ማጉያ ቁጥራቸው የሚጠራው ዳኛ ጥፋት ሲይዝባቸው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ቀድሞ ዝነኛ የሆነው ዊልያም ሄፍልፊንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሚኒያፖሊስ ተወለደ፤ ከ1888 እስከ 1891 ለየል ዩኒቨርሲቲ በጠባቂነት ቆመ። በ1888 የየል ቡድን 13 ጨዋታ አሸንፎ ለተቃራኒ አንዲት ነጥብ እንኳ አልሰጠም። በዚያ ዘመን የኮሌጅ ተማሪ በገንዘብ መጫወቱ ነውር ነበር፤ ለኮሌጁ ክብር ብቻ ነው። ሄፍልፊንገር ኮሌጁን ከጨረሰ በኋላ ኅዳር 12 ቀን 1892 እ.ኤ.አ. አንድ የፒትስበርግ ክለብ ለአንድ ጨዋታ 500 ዶላር ከፈለው። ያንን የሚመሰክረው የክለቡ የወጪ መዝገብ ሲገኝ የአሜሪካ እግር ኳስ የመጀመሪያው ተከፋይ ተጫዋች እሱ መሆኑ ታወቀ። ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ፤ የሚገርመው ነጥቡን ያስቆጠረው ይኸው ሰልፈኛ ነው፤ ከተቃራኒ እጅ ያመለጠችውን ኳስ አንሥቶ ሮጦ። በኋላ በኮሌጆች አሠለጠነ፤ ዕድሜው ገፍቶም መጫወት አልተወም፤ በ1954 ቴክሳስ ውስጥ አረፈ።

የእሱ የኮሌጅ ተከታዮች ግን ከመቶ ዓመት በላይ በነጻ ተሰለፉ። ከ100,000 በላይ ተመልካች በሚይዝ ስታዲየም፣ ቴሌቪዥን ከፍተኛ ገንዘብ በሚከፍልበት ጨዋታ የሚጋፉት ልጆች የሚያገኙት የትምህርት ወጪያቸውን ነበር። በስማቸውና በመልካቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደው ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ደግሞ በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት። ወደ ተከፋይ ሊጉ የሚያልፈው ከመቶ ሁለት አይሞላም። የቀረው ጉልበቱንና ራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ቤተሰቦቻቸው አንጎላቸውን ለምርምር ከሰጧቸው 53 የኮሌጅ ተጫዋቾች በ48ቱ ከተደጋጋሚ ግጭት የሚመጣውን የአንጎል በሽታ አግኝቷል። ለምርምር የሚሰጠው የታመመ ሰው አንጎል ስለሆነ ቁጥሩ ለሁሉም አይሠራም፤ ግን ያስደነግጣል።

ሁለቱን ማነጻጸሬ አንዱ ጸሎት ሌላው ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ልለው የፈለግሁት ስለ ሒሳቡ ነው። አሜሪካኖቹ ስታዲየሙን የሚሞላው ማን እንደሆነ ለመቀበል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። እኛስ ማኅሌቱን የሚያቆመው ማን እንደሆነ፣ ያንን ሰውም ማን እንዳበላው አስበን እናውቃለን?

ድሮ ሒሳቡ በመሬት ነበር። አጥቢያው የደብተራ መሬት ነበረው፤ ተምሮ የመጣ ሰው ሰልፉ ውስጥ ሲገባ ድርሻ ይቆረስለታል፤ ያርሰዋል ወይም ያሳርሰዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ በአንድ አዋጅ አበቃ። አዋጁ ለገባሩ ፍትሕ ነበር፤ ይህን የሚክድ አይኖርም። ነገር ግን ለሰልፈኛው ምትክ ያሰበለት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የገጠሩ ደብተራ ኑሮ በምእመናን አሥራትና መባ ላይ ወደቀ፤ ከተማ ያለው ደብር ደመወዝ ይከፍላል፣ የገጠሩ አጥቢያ ግን የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ያረሰ ያርሳል። ክታብ የሚጽፍም አለ፤ ምእመኑ በቀን ያማውና በማታ ደጁን ያንኳኳል። የቀረው ወደ አዲስ አበባ ይፈልሳል። ከዚያ ደብር ያገኘ አገኘ፤ ያላገኘው ሎተሪ ያዞራል ወይም የሰው ግቢ ይጠብቃል። በመንገድ ላይ ሎተሪ ከሚያዞሩት ልጆች መካከል ጾመ ድጓ የዘለቀ እንዳለ የሚጠረጥር አላፊ አግዳሚ ጥቂት ነው።

ተማሪውን የሚያበላው ደግሞ ያው የጋይንት ገበሬ ነው። ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ ማለትም ቁራሽ የምትሰጠው እመቤት ራሷ በአንዳንድ ወር የመንግሥት ስንዴ ጠባቂ ናት። ዝናቡ በከዳበት ዓመት አኩፋዳው ባዶውን ይመለሳል፤ ጎጆዎቹም ይቀንሳሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። ከሸዋ ወይም ከወሎ ተነሥቶ በእግሩ ቤተ ልሔም ለመድረስ ለሚያስብ ጎረምሳ መንገዱ ራሱ ፈተና ሆኗል። ኬላ ላይ «ተማሪ ነኝ» ማለት ለብቻው አያሳልፍም።

መፍትሔ ተብሎ አልፎ አልፎ የሚሰማው ለጉባኤ ቤቶች ሕንፃ መሥራት ነው። በጎ አድራጊ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ይመታል፤ ሪባን ይቆረጣል። አልቃወምም፤ ዝናብ የሚያስገባ ጎጆ ማንም አይመኝም። ግን በቆርቆሮው ቤት የሚያድረው ልጅ በማግስቱም ያው ቁራሹን ለማምጣት ይወጣል። ማስመስከሪያ ለሆነው ቤት የመጀመሪያው ነገር የመምህሩ ቀለብና የተማሪው ቀለብ ነው፤ ሲሚንቶው ይደርሳል። በዓመት በዓል ከቤተ ልሔም የወጣ ሰው ያቆመውን ማኅሌት የሚሰሙ ባለጸጋ የከተማ አጥቢያዎች ስንት ናቸው? ከእነዚያ አሥሩ ብቻ ለምንጩ በየዓመቱ ጥቂት ኩንታል ገብስ ቢቆርጡ የጋይንቷን እናት ባሳረፏት ነበር።

ልጁ እንዲህም ሆኖ ይጨርሳል። አንድ ቀን የኔታ ጭራቸውን ሳያቆሙ ፋሲካን እስከ መጨረሻው ያደምጡታል፤ መጽሐፉ ታርሞ ያልቃል፤ ምስክርነቱንም ይቀበላል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ጉባኤ ይዘረጋል፤ ያኔ እሱ ራሱ የኔታ ይሆናል። ወይም ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ድጓ ብቻ ያለው ሰው ማኅሌት ቆሞ መምራት አይችልምና አቋቋም ያስፈልገዋል። ብዙው ይህን ይመርጣል። ድጓውን በጀርባው አዝሎ፣ ጉናን ዞሮ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ጎንደር በዓታ ይገባል። ዕድሜው 30 ቢሆንም እዚያ ጀማሪ ነው፤ ከሰልፉ ጫፍ ያቆሙታል። በማግስቱ ረፋድ ላይ የጎንደርን ሰፈሮች ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ይለማመዳል።